ፓምፑ ሲጠፋ አርዱይኖው ለምን ይረበሻል? ሰርክዩትን ከኤሌክትሪክ ኖይዝ የመከላከያ ዝርዝር መመሪያ

ጣና ዳር ጓሮ ያለው ሰው ውሃ መሳቡ አይቀርም። በዘጌ መንገድም ሆነ ወደ ዘንዘልማ ሲኬድ ማንጎውንም ሽንኩርቱንም በፓምፕ የሚያጠጣ አለ። አርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ገዝቶ «ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ በራሱ ይጥፋልኝ» ብሎ የሚነሳም አይጠፋም፤ በተለይ ፖሊ ግቢ የተማረ ልጅ ያለበት ቤት።

ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ሁሉም ልክ ነው። ጓሮ ወርዶ እውነተኛው ፓምፕ ሲገናኝበት ግን ጉድ ይፈላል። ኤልሲዲው ላይ «ፓምፕ፦ በሥራ ላይ» ይል የነበረው ቦታ በጥቁር ሳጥኖችና ማንም በማያነበው ምልክት ይሞላል። ቦርዱ በየመሃሉ ሪሴት ያደርጋል። ሮቶው ባዶ ሆኖ «ሞልቷል» ይላል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሌላ ቦርድ ይገዛል። አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ኮንታክተሩ (ፓምፑን የሚያበራው ትልቁ ማብሪያ) ጋ ሆኖ የሚቀጣው ቦርዱ ነው።

ስለዚህ ሥራውን በቅደም ተከተል እንሂድበት። ኖይዝ (በሽቦ ውስጥ የሚገባው ያልተፈለገ የኤሌክትሪክ ረብሻ) ምንጭ አለው፣ የሚመጣበት መንገድ አለው፣ የሚገባበት ቦታ አለው። መጀመሪያ ምንጩን እንገድላለን፣ ከዚያ መንገዱን እንዘጋለን፣ ቦርዱንና ኮዱን የምናጠናክረው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላ ወደ ፊት የጀመረ ሰው ካፓሲተር ሲለጥፍ ውሎ ያድራል።

ለምሳሌ የምጠቀመው ይህን ነው፦ ባለ 220 ቮልት ፓምፕ፣ እሱን የሚያበራ ኮንታክተር፣ ኮንታክተሩን የሚያዘው የሪሌይ ሞጁል፣ አርዱይኖ ዩኖ (ልቡ ኤቲሜጋ 328ፒ ነው)፣ ሮቶው ላይ ፍሎት ስዊች (ውሃው ላይ ተንሳፍፎ መሙላቱን የሚናገር ማብሪያ)፣ አንድ ኤልሲዲ። የእናንተ ግሪንሃውስም ይሁን የጫጩት ማሞቂያ፣ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። 220 ቮልት ይገድላል። ብሬከሩን ሳታወርዱና በቴስተር ሳታረጋግጡ እጃችሁን አትክተቱ። ካልለመዳችሁት ያንን ክፍል ለኤሌክትሪሺያን ስጡት።

1. መቼ ነው የሚረበሸው? እሱን ለዩ

ምንም ሳትገዙ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ፓምፑ ሲነሳ ነው ወይስ ሲቆም?

ሲነሳ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲጀምር ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቮልቴጁ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይኼ የፓወር ሳፕላይ ጉዳይ ነው። በተለይ ሰፈሩ ውስጥ ወፍጮ ቤት ወይም በያጅ ካለና መስመሩ ቀድሞውንም ከደከመ።

ሲቆም ከሆነ ደግሞ፣ አሳሳቹም እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኮንታክተሩ ኮይል ነው። ኮይል ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥበት እንቢ ይላል። የያዘውን ጉልበት የሚያፈስበት ስለሚያጣ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል፤ የሪሌዩ ጥርሶች (የሚገናኙትና የሚለያዩት ብረቶች) እየተከፈቱ ባሉበት ቅጽበት መሃላቸው ላይ ይፈነዳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይፈነዳል። ክዳኑ የሚያሳይ ሪሌይ ካላችሁ ጨለማ ውስጥ ሰማያዊዋን ብልጭታ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እያንዳንዷ ብልጭታ እጅግ ፈጣን ስፓይክ (የቮልቴጅ ዝላይ) ናት፤ አጠገቧ ያለ ሽቦ ሁሉ አንቴና ይሆናል።

መለያው ቀላል ነው። መጀመሪያ የኮንታክተሩን ኮይል ከሪሌዩ ነቅላችሁ ሪሌዩን ብቻውን ጭክ ጭክ አስብሉት። አሁንም ሪሴት ካደረገ ችግሩ ሪሌዩና ፓወሩ ጋ ነው። ዝም ካለ ኮይሉን መልሱት፣ ፓምፑን ግን አታገናኙ። እዚህ ከተረበሸ ኮይሉን አገኛችሁት። የተረበሸው ፓምፑ ከተገናኘ በኋላ ብቻ ከሆነ የሞተሩን መስመር ፈትሹ።

ሁለተኛው መሣሪያ የድሮ ሬዲዮ ነው። ኤኤም ላይ አድርጉትና ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙት። ከዚያ በሽቦዎቹ አጠገብ አሳልፉት። ርካሽ ቻርጀር ጋ ሲደርስ ያጉረመርማል፣ ኮንታክተሩ ሲከፈት «ጣ!» ይላል። ከየትኛው ሽቦ አጠገብ እንደሚብስ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው በዚህ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ሦስተኛው እዚያው ቺፑ ውስጥ አለ። ኤቲሜጋ 328ፒ ለምን ሪሴት እንዳደረገ ኤምሲዩኤስአር የሚባል ሬጂስተር ላይ ይጽፋል። ቢት 0 ፓወር መጣ ማለት ነው፣ ቢት 1 የሪሴት ፒኑ ተነካ፣ ቢት 2 ቮልቴጅ ወረደ፣ ቢት 3 ዋችዶግ (ኮዱ ሲቀረቀር ቦርዱን ሪሴት የሚያደርገው ሰዓት) ነቃ። ይኼን በኮዱ መጀመሪያ አንብባችሁ ኢኢፕሮም (መብራት ሲጠፋ የማይረሳው የቺፑ ማስታወሻ) ላይ ቁጠሩት። ዩኖ ላይ ያለው ቡትሎደር (በዩኤስቢ ኮድ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ሬጂስተሩን ቀድሞ ስለሚያጠፋው ዜሮ ካነበባችሁ አትደነቁ፤ ፕሮግራሙን ያለ ቡትሎደር በአይኤስፒ (በፕሮግራመር በቀጥታ ወደ ቺፑ) ጫኑት።

2. ምንጩን ግደሉ

ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን እዚህ አውጡ። ኮንታክተሩ ላይ ኤ1 እና ኤ2 የሚባሉ ሁለት የኮይል ተርሚናሎች አሉ። በእነሱ መሃል ስናበር አስገቡ፦ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር (1 ዋት ይሁን) እና ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ። ካፓሲተሩ ግዴታ ኤክስ 2 ዓይነት፣ 275 ቮልት ኤሲ የተጻፈበት ይሁን። ተራ ካፓሲተር 220 ላይ አስገብቶ እሳት መጥራት አያስፈልግም።

ከስናበሩ ጎን 275 ቮልት ኤሲ የሚችል ቫሪስተር ጨምሩ። ላዩ ላይ 14ዲ431 ወይም 10ዲ431 የተጻፈበት ይሆናል። ስናበሩ የስፓይኩን ፍጥነት ይሰብራል፣ ቫሪስተሩ ቁመቱን ይቆርጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚያምሩት።

ስናበሩን የሪሌዩ ጥርስ ላይ የሚያስገቡ አሉ። እኔ ኮይሉ ላይ ይሁን እላለሁ። ምክንያቱም 0.1 ማይክሮፋራድ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ወደ 7 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ ሪሌዩ ተከፍቶም ይህቺ ከረንት ኮይሉ ውስጥ ትፈሳለች። ትንሽ ኮንታክተር በዚህ ብቻ እያጉረመረመ አልለቅም ሊል ይችላል።

የዲሲ ኮይል ከሆነ፣ ማለትም የ12 ቮልት ሪሌይ፣ ሶሌኖይድ ቫልቭ ወይም ትንሽ ሞተር፣ መድኃኒቱ ዳዮድ ነው። 1ኤን4007 በኮይሉ ላይ በተገላቢጦሽ ይገባል፤ ነጭ መስመሯ ያለችበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ። ይህቺን ዳዮድ ኤሲ ኮይል ላይ ግን እንዳታስገቡ፤ ሾርት ነው የሚሆነው።

በቤንዚን ሞተር ፓምፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ጩኸቱ የሚመጣው ከካንዴላው ነው። ካንዴላው ሬዚስተር ያለው ዓይነት መሆኑን እዩ። ኤንጂኬ ላይ ኮዱ ውስጥ «አር» የሚል ፊደል ካለበት ውስጡ ወደ 5 ኪሎኦም አለው። ከሌለበት ቀይሩት። አርዱይኖውንም ከካንዴላው ገመድ አርቁ።

ዕቃው ካልተገኘስ? የተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ ኤክስ 2 ካፓሲተር፣ ፊልተር ኮይል፣ አንዳንዴም ቫሪስተር አለበት። የቲቪ ጥገና ቤቶች ጥግ ላይ የተከመረው ቦርድ ለእኛ ሀብት ነው። ብቻ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ወደ 310 ቮልት ተጠራቅሞ ሊቆይ ስለሚችል በሬዚስተር አፍስሱት፣ በቴስተር ለኩ፣ ከዚያ ንቀሉ።

3. ሪሌዩንና ቦርዱን አለያዩ

ባለ ሁለትና ባለ አራት ሪሌይ ሞጁሎች ላይ «ጄዲ ቪሲሲ» የሚል ጃምፐር አለ። ጃምፐሩ ካለበት፣ ሞጁሉ ላይ ያለው ኦፕቶካፕለር (ትእዛዙን በብርሃን አሻግሮ ሁለቱን ወገን የሚለያይ ዕቃ) ለጌጥ ነው። ንቀሉት። ጄዲ ቪሲሲውንና ከጎኑ ያለውን ግራውንድ ለሪሌዩ ብቻ ከሚሆን ሌላ 5 ቮልት አምጡ። ከአርዱይኖው የሚሄዱት ቪሲሲ (የፓወሩ ፖዘቲቭ) እና የትእዛዝ ሽቦዎቹ ብቻ ናቸው። ግራውንዶቹን አታገናኙ፤ ካገናኛችሁ የለያችሁትን መልሳችሁ ሰፋችሁት ማለት ነው።

እነዚህ የተለመዱት ትንንሽ ሰማያዊ የ5 ቮልት ሪሌዮች እያንዳንዳቸው ወደ 70 ሚሊአምፔር ይበላሉ። ከአርዱይኖው 5 ቮልት ሲቀዱ እሱንም ያናውጡታል።

4. ሽቦ

ስለ ሽቦ ማውራት ያሰለቻል፣ ግን ብዙ ሰርክዩት የሚድነው እዚህ ነው።

የ220 ሽቦና የሴንሰር ሽቦ አንድ ቱቦ ውስጥ አይግቡ። እስከተቻለ ድረስ አራርቋቸው፤ መገናኘት ግድ ከሆነም መስቀለኛ ይተላለፉ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው አንዱ ለሌላው የሚያጋባው።

ከሮቶው የሚመጣው ሽቦ ሁለቱ ገመዶቹ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ይሁኑ። የኔትወርክ ኬብል ለዚህ አንደኛ ነው። አራት የተጠማዘዙ ጥንዶች አሉት፤ ለአንድ ሲግናል አንድ ሙሉ ጥንድ ስጡት፣ አንዱ ሲግናል፣ አንዱ መመለሻው። ሲግናሉን ከአንዱ ጥንድ፣ ግራውንዱን ከሌላው የወሰደ ሰው መጠማዘዙን ከንቱ አደረገው። ሺልድ ያለው ኬብል ካገኛችሁ ሺልዱን በቦርዱ በኩል ብቻ ግራውንድ አድርጉት።

ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ሽቦ ፌራይት ላይ ጠምጥሙት። የድሮ ሞኒተር ኬብል ላይ ያለችው ጥቁር እብጠት እሷ ናት። ሦስት ጊዜ መጠምጠም ከአንድ ጊዜ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጉልበቷ በዙሩ ብዛት ስኩዌር ነው የሚያድገው።

አይ2ሲ (በሁለት ሽቦ ዳታ የሚልክ) ኤልሲዲን በረጅም ሽቦ አትውሰዱ። አይ2ሲ የተሠራው ለአንድ ቦርድ ውስጥ ነው። ከ30 ሳንቲሜትር ብዙም አታሳልፉት፣ ፑልአፑ (ሽቦውን ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) 4.7 ኪሎኦም ይሁን። ዳታ ከቤት እስከ ሐይቁ ዳር መላክ ከፈለጋችሁ አርኤስ 485 ተጠቀሙ። በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል፤ በሁለቱም ጫፍ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር አድርጉለት።

5. ፓወርና ግራውንድ

ከመንገድ ላይ በተገዛ ስልክ ቻርጀር ኮንትሮለር አይመገብም። ሬዲዮውን አስጠጉትና ስሙት። ጥሩ የ12 ቮልት አዳፕተር፣ ከእሱ በኤልኤም 2596 ሞጁል ወደ 5 ቮልት፣ ሞጁሉ መውጫ ላይ 470 ማይክሮፋራድና ከጎኑ 100 ናኖፋራድ። ይኼ ይበቃል። ትልቁ ካፓሲተር ፓምፑ ሲነሳ ያለችውን መውደቅ ይሸከማል፣ ትንሿ ፈጣኑን ስፓይክ ትይዛለች። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ግራውንድ ላይ፦ ከረንት የሚበላው ዕቃና ሴንሰሩ አንድ የግራውንድ ሽቦ አይጋሩ። ለብቻው ከሚመገበው ሪሌይ በቀር ሁሉም የየራሱን ይዞ መጥቶ ፓወር ሳፕላዩ ጋ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኝ። ሪሌይ ከሴንሰሩ ቀጥሎ በአንድ ሽቦ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሪሌዩ በተነሳ ቁጥር የሴንሰሩ ዜሮ ዜሮ መሆኑ ይቀራል።

ብሬድቦርድ ጓሮ አይወርድም። ሽቦው ይላላል፣ ከሐይቁ ዳር እርጥበት ጋር ደግሞ ጥርሱ ይዝጋል። ሽቦዎቹን በይዱ።

6. ቺፑ ራሱ

ባዶ ቺፕ ይዛችሁ የራሳችሁን ቦርድ ከሠራችሁ፣ በእያንዳንዱ ቪሲሲና ግራውንድ ጥንድ ላይ 104 የተጻፈበት ሴራሚክ ካፓሲተር አድርጉ። 100 ናኖፋራድ ማለት ነው። ፒኑ ሥር መሆን አለበት፣ እግሩን ቆርጣችሁ። 5 ሳንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ ካፓሲተር ለስፓይክ የለም ማለት ነው። የኤቪሲሲውን (የቺፑ አናሎግ ክፍል ፓወር ፒን) አትርሱ።

የሪሴት ፒኑ በጣም ስስ ነው። ውስጡ ያለው ፑልአፕ ከ30 እስከ 60 ኪሎኦም ስለሆነ ደካማ ነው። ከውጭ 10 ኪሎኦም ወደ 5 ቮልት፣ 100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ ጨምሩ። ዩኖ ላይ 10 ኪሎኦሙ አለ፤ ካፓሲተሩን ከጨመራችሁ ግን በዩኤስቢ ፕሮግራም መጫን ሊያስቸግር ስለሚችል መጨረሻ ላይ አስገቡት። የሪሴት ቁልፍ በረጅም ሽቦ ሳጥኑ ክዳን ላይ ማውጣት ደግሞ ኖይዝን በር ከፍቶ መጋበዝ ነው።

ብራውን አውቱን (ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን ሪሴት የሚያደርገውን) ደግሞ እዩት። ዩኖ ሲመጣ 2.7 ቮልት ላይ ተደርጎ ነው። ቺፑ ግን በ16 ሜጋኸርዝ በትክክል ለመሥራት ወደ 3.8 ቮልት ይፈልጋል። በመሃል ያለው ክልል ውስጥ ቺፑ አልሞተም፣ ግን ለሚሠራው ዋስትና የለም፤ ኢኢፕሮም ላይ የጻፋችሁት የሚበላሸውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ ላስቸገራችሁ ሁሉ፣ ፊውዙን (የቺፑን ቋሚ ሴቲንግ) በአይኤስፒ ወደ 4.3 ቮልት ቀይሩት።

7. መግቢያዎቹ

ፍሎት ስዊቹን በረጅም ሽቦ አምጥቶ በውስጥ ፑልአፕ ብቻ ማንበብ፣ ኖይዙ እንዳሻው እንዲጽፍበት መተው ነው። ቢያንስ 4.7 ኪሎኦም ፑልአፕ፣ ከዚያ 10 ኪሎኦም በተከታታይ፣ ፒኑ ሥር 100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ። ይህ 1 ሚሊሰከንድ ማጣሪያ ይሆናል፤ ውሃ በ1 ሚሊሰከንድ አይሞላም።

የተሻለው ግን ኦፕቶካፕለር ነው። ፒሲ 817 ርካሽ ነው። 12 ቮልቱ በ1 ኪሎኦም በኩል፣ በፍሎት ስዊቹ በኩል፣ ወደ ኦፕቶው ኤልኢዲ ይሂድ፤ በኤልኢዲው ላይ በተገላቢጦሽ ትንሽ ዳዮድ 1ኤን4148። ስዊቹ ሲዘጋ ወደ 11 ሚሊአምፔር ይፈሳል። ኖይዝ ቮልቴጅ ያሳይ ይሆናል እንጂ ይህን ያህል እውነተኛ ከረንት ኤልኢዲው ውስጥ መግፋት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ይህ ከረንት የስዊቹን ጥርስ ከዝገት ያጸዳዋል፣ ሐይቅ ዳር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። 12 ቮልቱ ከቦርዱ ምግብ የተለየ ከሆነ ደግሞ መለያየቱ ሙሉ ነው።

8. ኮድ

ኮድ የሃርድዌር ጥፋት አይሸፍንም። ከላይ ያለው ከተሠራ በኋላ ግን ይረዳል።

ፍሎት ስዊቹን በየ50 ሚሊሰከንዱ አንብቡና 40 ጊዜ በተከታታይ አንድ ዓይነት ካልሆነ አትመኑት። 2 ሰከንድ ነው፤ ሮቶው ውስጥ የሚናወጠውንም ውሃ አብሮ ያልፈዋል። ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ካላችሁ 85 እና ከዜሮ በታች 127 የሚሉ ንባቦችን ጣሉ። 85 ሴንሰሩ ራሱ ሪሴት አድርጎ ገና ሳይለካ የሚሰጠው ቁጥር ነው፣ ከዜሮ በታች 127 ደግሞ ላይብረሪው «አላገኘሁትም» ሲል ነው። 85 ከመጣባችሁ የሴንሰሩን ፓወር ሽቦ ፈትሹ።

ዋችዶጉን ክፈቱ፣ እስከ 8 ሰከንድ ይሄዳል። ዋናው ሉፕ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ቆጠራውን እንደገና አስጀምሩት፣ ኢንተራፕት ውስጥ በፍጹም። አንዳንድ የድሮ ናኖ ላይ ያለው ቡትሎደር ዋችዶግ ከነቃ በኋላ ማለቂያ የሌለው ሪሴት ውስጥ ይገባል፤ አዲሱን ቡትሎደር ጫኑበት።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ቦርዱ ሪሴት ሲያደርግ ፓምፑ ጠፍቶ መገኘት አለበት። የተለመዱት ሞጁሎች ፒኑ ሎው (0 ቮልት) ሲሆን ነው የሚበሩት። ስለዚህ ኮዱ መጀመሪያ ላይ ፒኑን ቀድማችሁ ሃይ (5 ቮልት) ጻፉበት፣ ከዚያ አውትፑት አድርጉት። በተቃራኒው ካደረጋችሁ ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ፓምፑ ጭክ ይላል። አንድ ጊዜ ከተነሳ ከፍተኛውን የሥራ ሰዓትም ገድቡለት። ሮቶው በ40 ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ በ60 ደቂቃ ያለ ጥያቄ ይቁም።

9. ሳጥን፣ እርጥበት፣ መብረቅ

ሳጥኑ ብረት ይሁን፣ ብረቱም ኤርዝ ይሁን። አንዳንድ ቤት ሶኬቱ ላይ የኤርዝ ጥርስ አለ እንጂ ከጀርባው ሽቦ የለውም፤ ፈትታችሁ እዩ። ሽቦዎቹ በታች በኩል ይግቡ፣ ውሃ በላይ አይግባ። ቀዳዳውን በግላንድ ዝጉት። የሐይቁ ትንኝ የኤልሲዲውን ብርሃን ተከትሎ ይገባል፣ ሬሳው ከእርጥበት ጋር ሆኖ በፒኖች መሃል ከረንት ያሾልካል። የብየዳውን ፍላክስ በአልኮል አጥባችሁ ደረቅ ሲሆን ቫርኒሽ ቀቡት።

ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ላይ የሚያስገመግመውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀጥታ ለሚወርድ መብረቅ መከላከያ ብዬ የምሰጣችሁ ዕቃ የለም። ራቅ ብሎ ወርዶ በመስመሩ ለሚመጣው ግን ማከፋፈያው ላይ ሰርጅ ፕሮቴክተር ይረዳል፣ ኤርዙ እውነተኛ ከሆነ ብቻ። ከሮቶው የሚመጣው ረጅም ኬብል ጫፍ ላይም ቲቪኤስ ዳዮድ (ስፓይክ የሚቆርጥ ዳዮድ) አድርጉ። ደመናው ሲከብድ ብሬከሩን ማውረድና የሴንሰር ኬብሉን መንቀል ከሁሉም ይበልጣል። ለዚህ ብላችሁ ኬብሉን በሶኬት የሚነቀል አድርጉት።

10. አሁን አስቸግሩት

ፓምፕ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ሰርክዩቱን ራሳችሁ ረብሹት። አንድ የ12 ቮልት ሪሌይ ውሰዱ፣ ዳዮድ አይኑርበት። የኮይሉን ፓወር በራሱ በተዘጋው ጥርስ በኩል አሳልፉት። ሲበራ ራሱን ይቆርጣል፣ ሲቆረጥ ራሱን ያበራል፤ ያለ ማቋረጥ እየጮኸ ብልጭታ ይረጫል። ለዚህ የራሱን 12 ቮልት ባትሪ ስጡት፣ 220 አትጠቀሙ። ከዚያ የሪሌዩን ሽቦ ከፍሎት ስዊቹ ኬብል ጋር አንድ ሜትር ያህል አብራችሁ እሰሩትና ተዉት ይጩህ።

ኤልሲዲውን ተመልከቱ፣ የሪሴት ቆጣሪውን ተመልከቱ። ካልተቆጠረና ኤልሲዲው ካልተበላሸ እውነተኛውን ኮንታክተር አገናኙና በየ5 ሰከንዱ እየበራ እየጠፋ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ፓምፑ ግን ተነቅሎ። ከተቆጠረ ቢቱን አንብቡ፦ ቢት 1 ከሆነ ወደ ሪሴት ፒኑ ተመለሱ፣ ቢት 2 ከሆነ ወደ ፓወሩ። ቢት 3 ከሆነ ኮዱ አንድ ቦታ ተቀርቅሯል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይ2ሲው ላይ መልስ እየጠበቀ ነውና የኤልሲዲውን ሽቦ አሳጥሩ፣ ላይብረሪው ላይም ታይምአውት ክፈቱለት።